የራስጌ ዘር

«ጭሱን የለቀቀበት የወንድሙ ልጅ ነው» አለች ሚስትየው፣ ሬሳው ገና ከአልጋው ሳይነሳ። ለጎረቤት አለች፤ ለሐኪሙ አለች፤ ለሳጅኑ አለች፤ ሰሚ ያጣች ጊዜም ለግድግዳው አለች። ረፋዱ ላይ ወሬው ሰፈሩን ዞሮ ወደ ራሷ ጆሮ ሲመለስ፣ «አላልኳችሁም? ሰዉም ይኸንኑ ነው የሚለው» ብላ የገዛ ቃሏን ምስክር አድርጋ ቆጠረችው።

ሳጅኑ ለማመን ብዙ አልተለመነም። ሟቹ ሽማግሌ የታወቀ የስንዴ ዘር ነጋዴ ነው። ከሚተኛበት ክፍል ጀርባ ያለው መጋዘን በዋዜማው የነቀዝ መድኃኒት ተደርጎለታል። መድኃኒቱን ሲያደርጉ የዋሉት የመጋዘኑ ኃላፊና ከሌላ ከተማ ከመጣ ሁለት ሳምንት የሆነው የወንድም ልጅ ናቸው። መድኃኒቱ ክኒን ነው፤ የሚተፋው ጋዝ ከነቀዝ አልፎ ሰው እንደሚገድል በዚያ ሰፈር የማያውቅ የለም። ሳጅኑ ይኸን ከዚያ ጋር አጣብቆ እንግዳውን በካቴና ወሰደው። ጣቢያ ሲደርሱ የልጁ ከንፈር አብጦ ነበር።

«ወድቆ ነው» አለ ሳጅኑ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መርማሪዋ የደረሰችው ከዚህ በኋላ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እጇ የገባ ሰው ሳይነፋ አይወጣም ለማለት። ስሙን ያወጡላት ሊያናድዷት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው፤ ከወንዶቹ መካከል ስሙን በሥራው ያገኘ ሌላ ሰው እንደሌለ ደግሞ በየምክንያቱ ታስታውሳቸዋለች።

ሽማግሌው በጀርባው ተንጋሎ አፉን ከፍቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ምን ገደለው ዶክተር?»

«የነቀዝ መድኃኒት። ጋዙን ሌሊቱን ሙሉ ሲምግ አድሯል። ጥርጥር የለውም።»

ወንፊት ጎንበስ ብላ ትራሱን አየች። አንዲት ጥቁር ነቀዝ በትራሱ ጠርዝ እየተሳበች መጥታ፣ የሟቹን ጆሮ ወጥታ፣ ጉንጩን አቋርጣ ወረደች። ከኋላዋ ሌላ ተከተለች። የቸኮሉ አይመስሉም።

«ይኼ መድኃኒት ሰውየውን ከገደለ፣ ነቀዞቹን ለምን አልገደላቸውም?»

«እኔ የሰው ሐኪም ነኝ» አለ ሐኪሙ፣ ቦርሳውን እየዘጋ።

ነቀዞቹ የመጡት ከራስጌው ነው። በአልጋው ራስ በኩል፣ አፉ በስስ ጨርቅ የታሰረ ስንዴ የሞላው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ተቀምጧል። ወንፊት በርከክ ብላ አልጋው ሥር እጇን ሰደደች። ጣቷ ላይ ግራጫ ዱቄት ይዛ ወጣች፤ የመጋዘኑን ኃላፊ አስጠርታም አሳየችው። ኃላፊው ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም አንገቱ ትከሻው ውስጥ የገባ ሰው ነው።

«ያለቀለት መድኃኒት ነው» አለ። «ክኒኑ ጋዙን ተፍቶ ሲጨርስ እንዲህ አመድ ይሆናል። ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል? ግድግዳው እንደሆነ በሲሚንቶ ድፍን ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያስለሰንኩት።»

«እንግዲህ ከመጋዘን አልመጣም። አልጋው ሥር አስቀምጠውለታል።»

«ይባስ» አለ ሳጅኑ ከበሩ ላይ። «የወንድሙ ልጅ ነዋ ያስቀመጠው።»

«መድኃኒቱ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ተቆልፎ» አለ ኃላፊው። «ቁልፉ ግን ወጥ ቤት ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ለዚህ ቤት ሰው ሁሉ ክፍት ነው በይው።»

«ይኼ ጠርሙስስ?»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የራስጌ ዘር ነው። የጋሼ ሕግ ነው። ይኼ ቤት የሚሸጠው ስንዴ ከአባቶቹ የወረደ ነው፤ መጋዘኑ ቢቃጠል እንኳ ዘሩ እንዳይጠፋ፣ እዚህ ግቢ የሚያድር ሁሉ ከራስጌው አንድ ጠርሙስ ያኖራል። እኔም አለኝ፣ እትዬም አላቸው፣ ልጃቸውም አላት። የሌላውን ሰው የራስጌ ዘር መንካት ነውር ነው። እሳቸው ልብሳቸውን ብትሰርቅ ይምሩሃል እንጂ ያንን ብትነካ በዚያው ቀን ነው የሚያባርሩህ።»

«የእሳቸውስ? እሳቸውም አይነኩትም?»

«የእሳቸው ይለያል። አዲስ ጆንያ በገባ ቁጥር እፍኝ ጨምረው ያዩታል፣ ያኝኩታል። ቀማሽ ናቸው።»

«መጋዘንህ ውስጥ መድኃኒት ስታደርግ የሚተርፍ ነቀዝ አለ?»

«አንድም» አለ ኃላፊው፤ ተነክቷል። «እኔ ሳደርግ አጥብቄ ዘግቼ፣ ሙሉ ነው የማደርገው። ከእኔ መጋዘን ነቀዝ ተርፎ ሲራመድ አየሁ ያለ ሰው ሰምተሻል? በመጥረጊያ ነው የምሰበስባቸው።»

ሚስትየው ሳሎን ተቀምጣ ከአልቃሾች ጋር ነበረች። ከባሏ በብዙ ታንሳለች፤ ይኸንንም ለማንም አትደብቅም።

«ባለቤትዎ ከዚህ በፊት ያማቸው ነበር?»

«ዓመት ሆነው እንጂ። ያስመልሰዋል፣ ራሱን ይዞ ያቃስታል፤ ሲሻለው ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። እርጅና ነው አልኩ። ምን ልበል? እኔ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ክፍል ነው የምተኛው፤ ሲያቃስት እንቅልፍ ይነሳኛል። አስታማሚዋ ልጁ ነች። እሷ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ምን ሥራ አላት?»

«ጠልተውት ነበር?»

«ሽማግሌ ባል አይጠላም፣ ይጠበቃል» አለች ሚስትየው፤ አጠገቧ ያለችው አልቃሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። «ጭሱን የለቀቀበት ግን የወንድሙ ልጅ ነው። ጻፊው።»

ልጅቷ የሚሏት አርባን ከዘለለች ቆይታለች። በዚያ ቤት ያላገባች ሴት ፀጉሯ ቢሸብትም ልጅቷ ነች። ክፍሏ የተወለወለ ነው፤ አልጋው ላይ አንድ እጥፋት የለም። ውጭው ብርድ ነው፤ መስኮቷ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«አይበርድሽም?»

«ለምጄዋለሁ። ካልተከፈተ ራሴን ያመኛል።»

«አባትሽን ማን ገደለው?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ። ያ ሰው እስኪመጣ ድረስ ግን በሕይወት ነበር።» ዐይኗ ደርቋል። ሳታለቅስ የቀረችው ስለማታዝን ይሁን ወይስ እንባዋ ቀድሞ ስላለቀ አያስታውቅም። «አሞት ሲተኛ ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ማንንም ብትጠይቂ ይኸንኑ ይነግሩሻል።»

ነገሯት። ሁሉም ያንኑ ነገሯት።

ወንፊት ጣቢያ ተመልሳ እስረኛውን በፍርግርጉ አየችው። ረዥም፣ እርጋታ ያለው ሰው ነው፤ የግራ እጁን በቀኙ ታቅፏል።

«መቼ ነው የመጣኸው?»

«ሁለት ሳምንቴ ነው።»

«ከዚያ በፊትስ መጥተህ ታውቃለህ?»

«ከልጅነቴ ወዲህ አልመጣሁም።»

የፈለገችው ይኸንን ነበር። ዞር ስትል ሳጅኑ እጅጌውን እየጠቀለለ አገኘችው።

«ነገ ያምናል» አለ።

«ያላደረገውን?»

«እህቴ፣ እኔ ዘንድ የሚያምን እንጂ የሚያደርግ አይጠየቅም። ካመነ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ገመዱን የሚያስር ሌላ ነው።»

«ሦስት ቀን ስጠኝ።»

«ውሰጂ። እሱም ሁለት እጅ አለው፤ ይበቃዋል።»

በማግስቱ ወንፊት ወደ ዘር ነጋዴው ቤት ተመልሳ፣ ሁሉም የየራሱን የራስጌ ዘር ራሱ ይዞላት እንዲመጣ ጠየቀች። ኃላፊው ፊቱን አጨፈገገ፤ ሚስትየው አቧራ የለበሰ ጠርሙሷን ከቁምሣጥን ሥር ጎትታ አወጣች፤ ልጅቷ ከእንጨት ሣጥኗ አውጥታ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ወልውላ፣ በሁለት እጇ አስረከበች። ውስጡ ከስንዴና ከነቀዝ በቀር ምንም አልነበረም። ልጅቷ ይኸንን ስለምታውቅ ፊቷ አልተለወጠም።

ከአራቱም ጠርሙስ ነቀዝ ያለበት እፍኝ እፍኝ ስንዴ ተወስዶ በአራት ስስ ከረጢት ታሰረ። ለያንዳንዱ የተለያየ ቀለም ክር ተደረገለት። ኃላፊው አራቱንም አንድ በርሜል ውስጥ ከተተና ለመጋዘን የሚያደርገውን ያህል መድኃኒት አድርጎ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ወንፊት በርሜሉ ላይ ማኅተም አድርጋ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። በርሜሉ ተከፍቶ ጋዙ እስኪወጣ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ሚስትየው ወንበር አስመጣች። ሐኪሙ ተጠርቶ መጥቷል። ሳጅኑም መጥቷል፤ እጁን በመሀረብ እያሻሸ፣ «አምኗል» አለ። «ማምሻውን ነው ያመነ። ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምንድነው?»

«ለማየት» አለች ወንፊት። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች። «እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ያወቅኩትን ያወቅኩት በራሴ ላይ ነው። ሕፃን ሆኜ ቅማል ነበረብኝ።»

ሚስትየው ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

«አሁን የለብኝም እትዬ፣ ይረጋጉ። እናቴ ቆጣቢ ነበረች። የቅማል ዱቄቱን በቆንጥር፣ በየሳምንቱ ራሴ ላይ ትነሰንስልኝ ነበር። መጀመሪያ ብዙው ሞተ። ደካማው ነው የሞተው፤ አንዳንዱ ግን ሲፈጠር ጀምሮ ዱቄቱን የሚችል ነበር፤ እሱ ተረፈ። ወላጅ የሆነው ታዲያ የተረፈው ነው። ልጆቹ እሱን መሰሉ። እናቴ ቆንጠር አደረገች፤ ከልጆቹ ደግሞ ይበልጥ የሚችለው ብቻ ቀረ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በመጨረሻ ዱቄቱን በእፍኝ ብታፈስብኝም ቅማሉ አልሞት አለ። ቅማሉ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። አንድም ቅማል አልተማረም፣ አልለመደም። ሰነፉ እየሞተ የጎበዙ ዘር ብቻ ስለቀረ ነው። እናቴ ሳታውቀው ቅማል አራቢ ሆና ነበር፤ ልክ ጋሼ ስንዴ እንደሚያራቡት።»

«ራሴን እያሳከከኝ ነው» አለ ሳጅኑ።

«ሽማግሌውን የገደለው ጋዝ ነው፤ ትራሳቸው ላይ ያሉት ነቀዞች ግን ይራመዱ ነበር። መጋዘን ያሉት ነቀዞች በዚያው መድኃኒት አንድም አይተርፉም። ታዲያ የክፍሉ ነቀዝ የማን ዘር ነው? በአንድ ሌሊት ሙሉ መድኃኒት ቢገባበት ሁሉም ያልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ዘር የሚወጣው ጥቂት ጥቂት፣ በየጊዜው፣ ትውልድ ከትውልድ ሲበጠር ነው። ነቀዝ በሁለት ወር አያት ለመሆን ትደርሳለች። አንድ ዓመት ለእኛ አንድ ዓመት ነው፤ ለእሷ ግን የአያት የቅድመ አያት ዘመን ነው። አሁን ንገሩኝ፤ እኒህን ሰው ለምን ያህል ጊዜ ነበር የሚያስመልሳቸው?»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ «ዓመት» አለ።

«ዓመት። ሁለት ሳምንት የሆነው ሰው የዓመት ነቀዝ ሊያራባ አይችልም። ሳጅን፣ ያመነልህ ሰው ያመነው ለጣቶቹ ብሎ ነው።»

ሳጅኑ መሀረቡን ኪሱ ከተተ።

ወንፊት ቢጫውን ክር ፈታች። ስንዴው ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። ነቀዞቹ እግራቸውን ሰብስበው እንደ ጥቁር ሰሊጥ ተረጩ። «የመጋዘኑ ኃላፊ የራስጌ ዘር። ሁሉም ሞተዋል።»

ኃላፊው ትንፋሹን ለቀቀ። አረንጓዴው ተፈታ። «የሚስትየው። ሁሉም ሞተዋል።»

«እኔማ ጠርሙሱ የት እንዳለ እንኳ ረስቼው ነበር» አለች ሚስትየው።

ሰማያዊው ተፈታ። ከፊሉ እንደ ሞተ ነው፤ ከፊሉ ግን ተንቀሳቀሰ፣ ተገለበጠ፣ መራመድ ጀመረ። «የሟቹ። ግማሽ በግማሽ።»

ቀዩን ክር ስትፈታ ጨርቁ ጠቆረ። ነቀዞቹ እንደፈሰሱ ተበተኑ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ወደታች መውረድ ጀመሩ። አንዷ በሚስትየው ጫማ ላይ ወደቀች። የሞተ ለማግኘት መፈለግ ያስፈልግ ነበር።

«የልጅቷ» አለች ወንፊት።

ልጅቷ እጆቿን ደረቷ ላይ እንዳጣመረች ናት። «ነቀዝ ግድግዳ አያግደውም። ከአባባ ክፍል ወደ እኔ ተሻግሮ ይሆናል። በቀን ስንቴ ነበር የምገባ የምወጣው፤ በልብሴም ይዤው እመጣለሁ።»

«አሰብኩበት። ከእሳቸው ወደ አንቺ ቢሻገር ኖሮ ያንቺም እንደ እሳቸው ግማሽ በግማሽ ይሆን ነበር። የእሳቸው ለምን ተደባለቀ? ቀማሽ ናቸው፤ ከያንዳንዱ አዲስ ጆንያ እፍኝ ይጨምራሉ። ከእፍኙ ጋር መድኃኒት የማያውቅ ነቀዝ ይገባል፤ መድኃኒቱን ከሚችለው ጋር ይዋለዳል፤ ዘሩ ይቀጥናል። ያንቺን ግን ማንም አይከፍተውም። ነውር ነው። እንግዳ ደም አልገባበትም። የጠራው ዘር ያለበት ቦታ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ የኖረበት ቦታ ነው። ክኒኖቹን ከጠርሙሱ ጋር እዚያው ሣጥን ውስጥ ነበር የምትደብቂያቸው፤ በዚህ ቤት እጅ የማይገባበት ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ። ሣጥኑን ስትከፍቺው ከክኒኖቹ ትንሽ ጋዝ ይወጣል፣ ስትዘጊውም ትንሽ። ራስሽን የሚያምሽ፣ በብርድ መስኮት የምትከፍቺው ለዚህ ነው። ክኒኖቹን አስወግደሻል፤ ጠርሙሱንም ወልውለሻል። ነቀዞቹን ግን መወልወል ትዝ አላለሽም።»

ሚስትየው አፏን ከፈተች፤ ምናልባት የለመደችውን ልትል ነበር፤ መልሳ ዘጋችው።

«ማታ ማታ አባባ ስንዴ ይለቅም ነበር» አለች ልጅቷ፤ ለማንም አይደለም የምትናገረው። «ፍሬውን ወደ ቀኝ፣ ሰባራውን ወደ ግራ። ግራውን ለዶሮ ሲጥል ቀና ብሎ እኔን ያየኛል። ‹አንቺ ዘንድ ሲደርስ ዘሬ ቆመ› ይለኛል። እራት እያቀረብኩለት።»

«ልትገድዪው ከነበረ ለምን ዓመት ሙሉ?»

«መግደል ማን ፈለገ? ሲድን አያውቀኝም። ሲታመም ግን ልጄ ይለኛል። እጄን ይዞ ነው የሚተኛው። ትንሽ ሳደርግለት፣ ያን ሳምንት አባት ይኖረኛል።» ነቀዞቹን አየቻቸው። «ከዚያ ያ ሰው መጣ። ሦስት ልጆች አሉት። በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ሰነበቱ። ሊያወርሰው እንደሆነ ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። እኔ ከነጠርሙሴ የማን ሎሌ ልሆን ነው? መጋዘኑ መድኃኒት ሲደረግለት፣ እኔም ሙሉ አደረግሁለት።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ልጅቷ እጆቿን ዘረጋችለት፤ እንደምታስታጥብ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ።

ከሰዓት በኋላ ወንፊት የወንድምየውን ልጅ ራሷ ልታስፈታ ገባች። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጫማው ውስጥ እግሩን ከቷል፤ ክሩ ግን መሬት ይጎተታል። የሁለቱም እጁ ጣቶች በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ወንፊት ለአለቆቿ አንገቷን ደፍታ አታውቅም፤ አሁን ተንበረከከችና ክሩን ታስርለት ጀመር።

«የአጎትህ ልጅ ናት» አለችው። «ውርሱን ለአንተ እንዳይሰጡ ብላ።»

ሰውየው ከተጠቀለሉት ጣቶቹ ቀና አለ።

«ለኔ?» አለ።

«ለዚያ አይደል የመጣኸው?»

«ሳጅኑ እንዴት ገደልከው ነው የሚለኝ። እርስዎ መቼ መጣህ ብለው ሄዱ። ለምን መጣህ ያለኝ ሰው የለም። ልናገር ስል የጠየቅሁህን ብቻ ይለኛል።»

እጇ ክሩ ላይ ቆመ። «ለምን መጣህ?»

«አጎቴን ልወስደው ነው የመጣሁት። እኔ ዘንድ ሊኖር። ‹እኔ እዚህ እስካለሁ ያቺ ልጅ ሰው አትሆንም፤ አድርቄያታለሁ› አለኝ። ቤቱንም መጋዘኑንም ዘሩንም በስሟ አዙሮ ጨርሷል። ይቅርታ ማለት አልችልበትም፣ ከሄድኩ በኋላ ትስማው ብሎ አስምሎኝ ነበር።»

«መቼ ልትሄዱ ነበር?»

«በሞተበት ዕለት ጠዋት» አለ።